ሰልባትዮው እስኪደርቅ

ሰፈርተኛው የሰውየውን ስም ትቶ «ጋሼ ጆሮ» ነበር የሚለው። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ ጆሮውስ እንደ ማንም ሰው ጆሮ ነው። ግን አልጋው ላይ ተጋድሞ በመንገድ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ብቻ ይለየው ነበር።

«ይሄ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ነው» ይላል። «ፍሬኑን ካላስለወጠ አንድ ቀን ዳቦውን እንደያዘ ሰው ቤት ይገባል።»

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ይቺ የአዋላጇ ናት። ማርሽ ስትቀይር ስሚያት፤ ምጥ የያዛት እሷ ትመስላለች እኮ!»

ሚስቱ እግርጌው ተቀምጣ ድንች እየላጠች ትሰማዋለች። ሳቋ ይመጣባታል፤ እንዳይኮራባት ብላ ትውጠዋለች።

ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ነድቷል። ከገበያው ተነስቶ እስከ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ዞሮ እስከ ገበያው። ድልድዩ የመጨረሻው ፌርማታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ተሳፋሪ የለም። መንዳቱን ሲተውም መኪናዋን አልሸጣትም። ግቢው ውስጥ፣ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር አቆማት። እሱ «አሮጊቷ» ይላታል፤ ሚስቱ «ጣውንቴ» ትላታለች።

«ከእኔ ይልቅ የእሷን ሆድ ዕቃ ታውቀዋለህ» ትለው ነበር ሲጣሉ።

«የእሷን ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ነው። አንቺን በየት በኩል ይከፍቱሻል?»

ሚስቱን የሚጠራት «ችኮ» እያለ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሷ ሞኝ አይደለችም እንጂ መልቀቅስ አታውቅም።

እንግዲህ ልቡ ደከመ። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት ከለከለው፤ ቀጥሎ ጫማ ጎንበስ ብሎ ማሰር፤ ቀጥሎ በር ድረስ መሄድ። ሐኪሙ ሚስቲቱን ኮሪደር ላይ ለብቻዋ አቆማትና የሚባለውን ሁሉ በለሰለሰ አፍ አላት። ሰማችው። ወደ ክፍሉ ስትመለስ ባሏ «ምን አለሽ?» ሲላት፣

«ጨው ቀንሱ አለ» አለችው።

«ለጨው ነው ይህን ያህል የቆማችሁ?» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ማወቁን አወቀች። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ስለ ጨው ብቻ ያወሩ ጀመር።

ቤት ገብተው ትንሽ እንዳገገመ ትራሱን ደገፍ ብሎ ተቀመጠና፣

«አሮጊቷን አስነሺልኝ» አላት። «ደግፋችሁ ከፊት ወንበር ላይ አስቀምጡኝ። እስከ ድልድዩ ልድረስና ልመለስ። ከዚያ በኋላ ብሄድም አይቆጨኝም።»

«ወዴት ነው የምትሄደው?» አለችው፣ እያወቀች።

«ገበያ» ብሎ ሳቀባት።

እሷ ግን አልሳቀችም። ያ «ከዚያ በኋላ ብሄድም» ያለው ነገር እንደ እሾህ ገብቶ ተሰብሮ ቀረባት።

መካኒኩ ካቻቢቴ ነው የሚባለው፣ እንደ ብሎን መፍቻው። ቀጭንና ረጅም ነው፤ አናቱም ላይ ጠፍጠፍ ይላል፤ ስም አውጪዎቹ አልተሳሳቱም። ጋራዡ ከመንገዱ ማዶ ነው። የሞተር ድምፅ ግራ ሲያጋባው መኪናውን እየነዳ ያመጣና ከመስኮቱ ሥር አቁሞ «ጋሼ፣ እስቲ ይስሙልኝ» ይል ነበር፤ ሚስቱን ምጥ ሲይዛት ሐኪም ቤት ያደረሰችለትም አሮጊቷ ናት። ስለዚህ የጋሼ ሚስት ስትጠራው እጁን እንኳ ሳይታጠብ መጣ።

ባትሪዋን ሞልቶ፣ ጥቂት ቤንዚን ጨምሮ ቁልፉን አዞረ። አሮጊቷ ሳል ያዛት። ታስላለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ዝም ትላለች። ከመኝታ ቤቱ ድምፅ መጣ፤

«ጉሮሮዋ ነው! ቤንዚኑን እይ!»

ካቻቢቴ የቤንዚኑን ማጣሪያ ፈትቶ መዳፉ ላይ ገለበጠው። የወጣው ነገር ቤንዚን ነው ለማለት ያሳፍራል፤ የሸክላ ሠሪ እጅ መታጠቢያ ይመስላል። ከመኪናዋ ሥር ተንጋሎ ገባና ሰልባትዮዋን፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያዋን ማለት ነው፣ ፈትቶ አወረደው። ብድግ አድርጎ ሲነቀንቀው ደረቅ ባቄላ የሞላበት ይመስል ተንኳኳ።

«እትዬ፣ ይምጡ ይዩ።»

በባትሪ መብራት እያበራላት በአፉ አየች። ውስጡ ቀይ ነው። ቅርፊት በቅርፊት ላይ ተነባብሯል። ጣቷን ሰደድ ስታደርግ እየተፈረፈረ እጇ ላይ ቀረ።

«ባዶውን ነው እንዴ የኖረው?» አላት።

አዎ፣ ባዶውን ነው የኖረው። ባሏ አልጋ የያዘ ሰሞን ቤንዚኑን ያስቀዳችው እሷ ናት። መስኮት ሥር ቤንዚን ማኖር እሳት አቅፎ መተኛት ነው ብላ። እሱ «ሙሉውን ተዪያት፤ ባዶ ሆድ እርጥብ አየር ይገባበትና ይዝጋል» ብሏት ነበር። «ለጣውንቴ ብዬ ቤቴ ይቃጠል?» አለችና አስቀዳችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

«አዲስ ብንገዛላትስ?»

«የት ተገኝቶ፣ እትዬ? እኩዮቿ ሁሉ ተቆራርጠው ድስት ሆነዋል እኮ። ከፈለጉ ቤንዚን በጠርሙስ ሞልቼ ኮፈኑ ሥር ልስቀልላት። ሞተሩ ይነሳል።»

«በስተርጅና በጡጦ ላሳድጋት ነው? በጠርሙስ ቤንዚን ድልድዩ ጋ ይደረሳል?»

«መታጠፊያውም ጋ አይደረስም።»

«እንግዲያው ይታጠባል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።»

እጥበቱን የመራው ጋሼ ጆሮ ነው፣ ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ በመስኮቱ።

«ጠጠር እንዳትከቱበት! ጠጠር ይደቅና ሌላ ጣጣ ነው። ሰንሰለት ክተቱበት፣ አጭር ሰንሰለት!»

«እሺ ጋሼ!»

«ሙቅ ውሃና ሳሙና! አፉን በደንብ ወትፉት! እሳት ወዲህ አታምጡ! ባዶው ነው የሚፈነዳው፣ ሙሉው አይደለም!»

«ሳንባህን አስቀምጠው እንጂ!» ትላለች ሚስቱ።

«ለማን ላስቀምጠው?»

ሰንሰለቱን ከተቱ፤ አፉን ወተፉ። እንዳይጨረማመት በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለሉት። እሷ ወዲህ፣ ካቻቢቴ ወዲያ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ ወደ አንዱ እየገፋ ያንከባልሉት ያዙ። ሰንሰለቱ ሆዱ ውስጥ ሲጓተት የሚያሰማው ድምፅ ጥርስ ያፋጫል። ትንሽ ሲቆዩ ሰውየው ከመስኮቱ፣

«ገና ነው!» ይላል። «ድምፁ ወፍራም ነው። የዛገ ብረት አፉ ሙሉ እንደጎረሰ ሰው ነው የሚያወራው።»

ሲገለብጡት ቀይ ውሃ በግቢው ወረደ። ደግመው ሞሉት፤ ደግመው አንከባለሉት። ሲመሽ አቼቶ ሞልተውበት አሳደሩት፤ አቼቶ ዝገትን ቀስ እያለ ይበላዋል። በነጋታው ግቢው ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ። ክንዷ አልታጠፍ ብሏት ማንኪያ ወደ አፏ ማድረስ ሲያቅታት ባሏ አይቶ፣

«ነይ ላጉርስሽ» አላት። ሾርባውን ከሳህኗ እየጨለፈ አጎረሳት። ያን ሰሞን መቀመጥም፣ ሰው ማጉረስም ይችል ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ሲያንከባልሉት፣ ሰንሰለቱ ድምፁን ለወጠ። መፋጨቱን ተወና እንደ ቃጭል ጠራ።

«ሰማሽ? ሰማሽ ወይ?» አለ ከመስኮቱ። «አሁን ጠራ!»

ገልብጠው አዩት። ውስጡ እንደታጠበ ማንኪያ ያበራል። ካቻቢቴ ግንባሩን በክንዱ ጠርጎ፣

«እትዬ፣ ጥንቃቄው ገና አሁን ነው» አላት። «የታጠበ ብረት ራቁቱን ነው። ውሃ ከተረፈበት እስከ ነገ ይዝጋል። እዚች ቆርቆሮ ላይ በአፉ ይድፉት፣ ጸሐይ ላይ። ነገ ደርቆ ካገኘሁት የውስጥ ቀለሙን አለብሰዋለሁ። ቀለሙ ሲጠነክር አለቀ፤ ጋሼ ድልድያቸው ጋ ደረሱ ማለት ነው።»

ሄደ። እሷና ሰልባትዮው ቀሩ።

በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች። ባሏ ሴት ልጃቸውን ኮቱን አስወርዷት አልጋው ራስጌ ላይ አሰቅሎታል። ጫማው በብሩሽ ተጠርጎ አልጋው ሥር አፉን ወደ በሩ አዙሮ ተቀምጧል። እሱ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ እንደሚጠብቅ ሰው ጋደም ብሏል። መንገደኛ ሆኖባታል ሰውየው።

ባሏን ታውቀዋለች። የጀመረውን ሳይጨርስ ተነስቶ የሄደበትን ቀን አታስታውስም። ተሳፋሪ እንኳ ጎሎበት ከሆነ እስኪሞላ ይጠብቃል እንጂ አይነሳም። እንግዲያው ሰልባትዮው ከደረቀ ሥራው አለቀ፤ ሥራው ካለቀ ደግሞ ራሱ ብሏታል፣ ከዚያ በኋላ ብሄድም። ካልደረቀስ? ካልደረቀማ ይጠብቃል።

ወደ ቧንቧው ሄዳ አንድ ጣሳ ውሃ ቀዳች። ሰልባትዮው ውስጥ ጨመረችው። ወዝወዝ አደረገችውና አፉን ወደ ላይ አድርጋ፣ ጸሐይ የማይደርስበት ግድግዳ ሥር አስቀመጠችው። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች።

በነጋታው ካቻቢቴ ቢያይ ውስጡ ሁሉ እንደ ሽፍታ ቀልቷል።

«አልደፉትም እንዴ?»

«ደፍቼዋለሁ።»

«ሰይጣን ሰፍሮበታል ማለት ነው» አለና ሰንሰለቱን አነሳ።

እንደገና ታጠበ። እንደገና ጠራ። እንደገና ውሃ ጨመረችበት። ሲቀላ ታገኘዋለች፤ ሲቀላ ደስ ይላታል፤ ደስ ሲላት ደግሞ በራሷ ታፍራለች። አፈረች ብሎ ግን የተወ ማን ነው? ካቻቢቴ ሲነጫነጭ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ምን አስቸኮለህ?» ትለዋለች። እሱም ሰልባትዮውን ትቶ እሷን እሷን ያያት ጀመር። መካኒክ የሞተርን እንጂ የሰውን ብልሽት ጮክ ብሎ አይናገርም።

ቀን ግን ማንንም አይጠብቅም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። የሰውየው ትራስ ተጨመረ፤ ደግሞም ተጨመረ። ሾርባውን ራሱ መጠጣት ተወና እሷ ታጠጣው ጀመር። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ያርፋል። ልጃቸው ከሥራ በወጣች ቁጥር ትመጣለች፤ አንድ ቀን ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ ጮኸች።

«እማዬ! አባዬ እየሞተ አንቺ ብረት ታጥቢያለሽ?»

«ብረቱን ካላጠብኩ ምን ልጠብ?» አለቻት እናቷ፣ ከመሬት ቀና ሳትል። «ልቡን አውጥቼ ልጠብለት? ውሰጂና እጠቢዋ፣ አንቺ ከቻልሽ!»

ልጅቷ ቦርሳዋን አስቀምጣ ባልዲውን አነሳችና ውሃ ልትቀዳ ሄደች።

ባሏ የጠራት በማግስቱ ከሰዓት ነው። ካቻቢቴ ሄዷል፤ ልጅቷ አልመጣችም።

«ችኮ።»

«አቤት።»

«ሰልባትዮውን ደፍተሽዋል?»

«ደፍቼዋለሁ።»

«ቆርቆሮው ላይ?»

«ቆርቆሮው ላይ ነዋ! ታዲያ የት ልድፋው?»

ትንፋሹን ሰበሰበ። «የተደፋ ሰልባትዮ ይንጠባጠባል። ቆርቆሮ ላይ ደግሞ ይሰማል። ትናንት አልሰማሁም። ከትናንት ወዲያም አልሰማሁም።» አረፈ። «የሰማሁት ቧንቧ ሲከፈትና ጣሳ ሲንቆረቆርበት ነው።»

ፎጣ እያጠፈች ነበር። ያጠፈችውን ዘረጋችው፤ የዘረጋችውን አጠፈችው።

«ጆሮህ ደክሟል» አለችው።

«ሁሉም ደክሟል። ጆሮዬ ግን አለ።»

ፎጣውን አስቀምጣ እንደ ልጅ ጥግ ጥጉን አየች። በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«ከደረቀ ትሄዳለህ» አለችው።

«ሰልባትዮው ነው የያዘኝ መሰለሽ?»

«አንተ ነህ ያልከው። እስከ ድልድዩ ደርሼ ከዚያ በኋላ ብሄድም አልክ። በዚህ አፍህ!»

«ብዬ ይሆናል። ሰው ስንት ነገር ይላል።» እጁን ፈልጎ አገኘው፤ ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥቶ እጇ ላይ አኖረው። የእሷ እጅ በአቼቶና በዝገት ተሰነጣጥቆ ነበር፤ በጣቱ ዳበሰው። «መፍራቱን እንፍራ፣ ችኮ። እኔም እፈራለሁ። አብረን እንፈራለን። አሮጊቷን ግን አታዝጊብኝ።»

ያ ሰው «እፈራለሁ» ሲል ሰምታው አታውቅም። ዝናብ ጎርፍ ሆኖ መንገዱን ሲወስደው፣ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ሲበጠስበት፣ ሁልጊዜ ቤት ገብቶ እየሳቀ ነው የሚያወራው። ተነስታ ወጣች። ሰልባትዮውን ከግድግዳው ሥር አነሳችው፤ ከበዳት። ያለውን ውሃ ሁሉ ገለበጠችና ጸሐዩ ውስጥ፣ ቆርቆሮው ላይ፣ በአፉ ደፋችው።

ጠብ አለ። ቆየና ደግሞ ጠብ አለ።

«እሱ ነው» አለ ባሏ ከውስጥ።

ከዚያ ወዲያ ምንም አላበላሸችም። ካቻቢቴ መጥቶ የመጨረሻውን ዝገት አራገፈ፤ አየር ነፋበት፤ እንደ ሙጫ የሚይዝ ቀለም አፍስሶ ሆዱን በሙሉ አለበሰው። ቀለሙ እስኪጠነክር ደግሞ መጠበቅ ግድ ነው፤ ሳይጠነክር ቤንዚን ከነካው ተላጦ ሁሉን ነገር ይደፍናል። አሁን የምትቸኩለው እሷ ሆነች። ጠዋት ጠዋት በጣቷ ትነካዋለች፤ ያጣብቃታል። «ምን ዓይነት ቀለም ነው የማይደርቅ!» እያለች ካቻቢቴን ትሳደባለች። ያን ሁሉ ቀን ውሃ ስትጨምርበት የኖረችው ሴት አሁን እፍ እፍ እያለች ልታደርቀው ምንም አልቀራት። በመስኮቱ በኩል የምትሰማው ትንፋሽ በየቀኑ ያጥራል።

ቀለሙ ጠነከረ። ሰልባትዮው ቦታው ገባ፤ ቤንዚን ተሞላ። ካቻቢቴ ቁልፉን አዞረ። አሮጊቷ አንድ ጊዜ አጉረመረመች፤ ቀጥላ ተነሳች። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ አገጩን ቀና አድርጎ ሰማት፤ ፊቱ ላይ ብዙ ጊዜ ያልታየ ነገር መጣ።

«ትንሽ ትንቀጠቀጣለች» አለ። «ደሟ ግን ንጹሕ ነው።»

ኮቱን አለበሱት። ካቻቢቴ በብብቱ፣ ልጅቷ በእግሩ ያዙት። ከትራሱ ቀና ሲያደርጉት ከንፈሩ ጠቆረ። እግሩ ወለሉን ሳይነካ ዓይኑ ዞረ፤ ትንፋሽ አጣ። «አስተኙት! አስተኙት!» አለች ሚስቱ። አስተኙት። ቆይቶ፣ በብዙ ቆይቶ፣ አየር ገባለት። ኮቱ ላዩ ላይ ነበር፤ በአንድ በኩል እጅጌው ወልቆ ባዶ።

ሰውየው መቀመጥ የሚችልበት፣ ሰው የሚያጎርስበት ጊዜ ነበር፤ ያ ጊዜ የት እንደሄደ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ካቻቢቴ ወለሉን አየ። ልጅቷ እናቷን ልታይ ቀና አለችና መልሳ ፊቷን አዞረች፤ ያ መዞሯ እናቷን ከስድብ የባሰ አመማት። ውጪ አሮጊቷ ማንንም ሳትጭን ታጓራለች።

«ሄጄ ላጥፋት?» አለ ካቻቢቴ።

«አታጥፋት» አለ በሽተኛው። በጣቱ ሚስቱን አሳየው። «እሷን ውሰዳት።»

«እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!»

«ሂጂ፣ ችኮ። እስከ ድልድዩ። ሄደሽ አይተሽ ንገሪኝ። አንድም ነገር እንዳታስቀሪ።»

ልጅቷ የአባቷን እጅ ያዘች። «ሂጂ፣ እማዬ። እኔ አለሁ» አለቻት። በለሰለሰ ድምፅ ነው ያለቻት። እሷም ነጠላ ጫማዋን እንደተጫማች ወጣች።

ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። በዚያ ሁሉ ዓመት እዚያ የተቀመጠችበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የፊቱ ወንበር የተሳፋሪ ነበር። ካቻቢቴ ቀስ ብሎ ነዳ። እሷ አፏን ዘግታ፣ ዓይኗን ከፍታ፣ መንገዱን በሙሉ ውሃ እንደ ጠማው ሰው ጠጣችው። ድልድዩ ጋ ዞሩ። «ትንሽ ልቁምልዎት?» ቢላት፣ «መልሰኝ፣ ቶሎ» አለችው። ስትመለስ ባሏ እንደተወችው ነበር፤ ዓይኑ ተጨፍኗል፣ ጣቱ ይንቀሳቀሳል። ልጅቷ ወንበሩን ለቀቀችላትና ሻይ ላፍላ ብላ ወጣች።

«በይ» አለ።

«ከበሩ ወጣን» አለችው። «ካቻቢቴ እንደ ሙሽራ ነው የሚነዳት። የጋራዡ በር ተከፍቷል፤ ጎማዎቹ ላይ ድመት ተኝታለች። ዳቦ ቤቱ ጋ ሰልፍ አለ። ሰውየው አሮጊቷን ሲያይ ዱቄታም እጁን አወጣልን።»

«ፍሬኑን አስለወጠ?»

«እኔ ምን አውቄ! ወደ ግራ ታጠፍን። ልብስ ሰፊው መስታወቱን አጥቦታል። የትምህርት ቤቱ አጥር ቀለም ተቀብቷል፣ አረንጓዴ፤ አያምርም። ልጆቹ እየጮኹ ይወጣሉ።»

«ጉድጓዱስ? ትምህርት ቤቱን እንዳለፍሽ።»

«አለ። አሁንም አለ። ወገቤን ነው የሰበረኝ።»

ሊስቅ ፈለገ፤ ትንፋሹ አልበቃውም። «ቀጥዪ።»

ገበያውን ነገረችው፤ ሽንኩርት የጫነ ጋሪ መንገድ ዘግቶ ካቻቢቴ እንዴት እንደተሳደበ ነገረችው። ዛፎቹን፣ የነዳጅ ማደያውን፣ ቁልቁለቱን ነገረችው። ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩ እንዴት እንዳለ በአፏ እያጓራች አሰማችው። ድልድዩ ጋ ደረሱ። ውሃው ጎድሏል፤ ድንጋዮቹ ወጥተዋል፤ አንድ ሰው እግሩን እየታጠበ ነው። እዚህ ጋ ካቻቢቴ ዞሯል። እሷ ግን አልዞረችም።

«ድልድዩን አለፍን» አለችው።

ዓይኑን ሳይከፍት ቅንድቡን አነሳ። «አለፍን?»

«አለፍን። መንገዱ ሰፊ ነው። ግራና ቀኙ እርሻ ነው። ፊት ለፊት ጉብታ አለ።»

«ከዚያ ወዲያ... ተሳፋሪ የለም።»

«ተሳፋሪ ምን ያደርግልናል? ሁለታችን ነን። ጉብታው ላይ ወጣን። ከወዲያ በኩል ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ረጅም ነው። መጨረሻው አይታይም። ቤንዚን ሞልተናል፤ ሰልባትዮው ንጹሕ ነው፤ የትም ያደርሰናል...»

እያየች አልነበረም የምታወራው፤ እየፈጠረች ነበር። መንደር ሠራችለት፤ ጫካ አበቀለችለት፤ ከጫካው ወዲያ ሌላ ድልድይ ዘረጋች። ድምፅዋ እየፈጠነ ሄደ። እሱ በእያንዳንዱ ትንፋሽ መካከል ረጅም ጊዜ እየቆየ ሰማት። ከዚያ ጣቱ እጇ ላይ ከበድ አለ።

«ችኮ። ደከመኝ። መልሺኝ።»

ቆመች። ጫካው፣ ድልድዩ፣ መንደሩ ሁሉ ፊቷ ላይ ቆመ።

«እሺ» አለችው። «ዞርን።»

ቀስ ብላ መለሰችው። ጫካውን፣ ጉብታውን፣ እርሻውን። በድልድዩ አለፉ፤ ያ ሰው እግሩን ታጥቦ ጨርሶ ጫማውን ያጠልቃል። ቁልቁለቱ አሁን ዳገት ነው። ገበያው ሊበተን ነው። ጉድጓዱን በዳር በኩል አለፈችለት። ዳቦ ቤቱ ጋ ሰልፉ አልቋል። የቤታቸው በር።

«ግንቡን... እንዳትነኪ።»

«አልነካም። ገባን። መስኮቱ ሥር ናት።»

«አጥፊያት።»

«አጠፋኋት።»

ክፍሉ ውስጥ የቀረው የእሱ ትንፋሽ ብቻ ነበር። አንዱን ሰማች። ቀጣዩ ራቀ፤ መጣ። ከዚያ ቀጣዩ የበለጠ ራቀ። እሷ እጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንገቷን ወደ እሱ ዘንበል አድርጋ፣ እሱ ሞተር ሲሰማ እንደሚያደርገው ዓይኗን ጨፍና ሰማች። «ቆይ» አላለችውም።